መዝገብ የሌለው ጥሪ ሰሚ የሌለው ጩኸት እንዳይሆን

የአንድ ኅብረተሰብ የአደረጃጀት ጥንካሬ በእርግጥ የሚፈተነው በሰላሙ ቀን ሳይሆን በአደጋው ሰዓት ነው። እሳት ሲነሣ፣ ወላድ ሲያምጣት፣ መኪና ሲገለበጥ ወይም ጎርፍ ደጃፍ ሲደርስ፣ የተጨነቀው ሰው ድምፅ ሊረዳው ወደሚችለው ወገን በምን መንገድና በምን ፍጥነት ይደርሳል? ይህ ጥያቄ ለባለሙያዎች ብቻ የሚተው ቴክኒካዊ ጥያቄ አይደለም። የእያንዳንዱን ሠራተኛ፣ የእያንዳንዱን የእድርና የሠፈር ማኅበር አባል ቤት የሚያንኳኳ ማኅበራዊ ጥያቄ ነው።

ቀደም ባለው ዘመን አደጋ የሚነገረው በኡኡታ እንደነበር እናውቃለን። የኡኡታ ድክመት ከአንድ ጋራ አልፎ አለመሰማቱ ነው። ብርታቱ ደግሞ ከየት እንደመጣ የማያጠራጥር መሆኑ ነበር፤ ጎረቤት ድምፁን ተከትሎ በቀጥታ ወደ ደጃፉ ይሮጣል። ስልክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ስልክ መቶ ኪሎ ሜትር አቋርጦ ይሰማል፤ ነገር ግን ድምፁ ብቻውን ከየት እንደመጣ አይናገርም። ርቀቱን አሸንፈናል፤ ቦታውን ግን አጥተናል። ዛሬ ልንመረምረው የተነሣነው ጉዳይ መሠረታዊ ቅራኔ ይኸው ነው።

ይህን ቅራኔ ለመፍታት ዓለም የደረሰበት ዘዴ መዝገብ ነው። የደዋዩ ቁጥር ከስሙና ከአድራሻው ጋር ተጣምሮ በአንድ ቋት ይቀመጣል፤ ጥሪው ሲደርስ ቁጥሩ መዝገቡን ይጠራል፤ መዝገቡም ቦታውን ይናገራል። ታዲያ ቁጥሩ በመዝገቡ ውስጥ ባይኖርስ? በጥሪ ተቀባዩ ፊት ያለው ሰሌዳ «መዝገብ አልተገኘም» ብሎ ባዶውን ይቀራል። የሰው ሕይወት በዚያች ባዶ መሥመር ላይ ተንጠልጥላ ትቆያለች። ይህ ባዶ መሥመር ከወዴት ይመጣል? ማንስ ይሞላዋል? ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ጉዳዩን ከመነሻው እንመልከተው።

ባዶው መሥመር ከወዴት ይመጣል?

በቅድሚያ አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ መወገድ ይኖርበታል። ብዙ ሰው የስልክ ቁጥር ከመዝገብ ሲጠፋ ጥፋቱ የማሽኑ ይመስለዋል። ማሽኑ ግን የሚያውቀው የተሰጠውን ብቻ ነው። ቁጥር ከመዝገብ የሚጎድለው አብዛኛውን ጊዜ በሁለት መሥሪያ ቤቶች መካከል፣ አንዱ «ሰጥቻለሁ»፣ ሌላው «አልደረሰኝም» በሚሉበት ክፍተት ውስጥ ነው።

ይህን ሥርዓት ቀደም ብለው ከዘረጉት አገሮች ልምድ እንደምንረዳው የመጥፋቱ መንገዶች በጥቂቱ አምስት ናቸው። አንደኛው መዘግየት ነው። አዲስ ደንበኛ ስልክ ያወጣል፤ ስልኩ በዚያው ቀን ይሠራል፤ ማመልከቻው ግን ወደ አደጋ ጊዜው መዝገብ የሚተላለፈው ዘግይቶ ነው፤ በመካከሉ ያሉት ቀናት ባዶ ናቸው። ሁለተኛው የአድራሻ አለመግባባት ነው። መዝገቡ የሚያውቃቸው የመንገዶችና የሠፈሮች ስም ዝርዝር አለው፤ የቀረበው አድራሻ ከዝርዝሩ ጋር አንድ ፊደል እንኳ ካልተስማማ መዝገቡ አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል። የተመለሰውን የሚከታተል ሰው ከሌለ ቁጥሩ በዚያው ተረስቶ ይቀራል።

ሦስተኛው ዝውውር ነው። ደንበኛው ቁጥሩን ይዞ ከአንድ ኩባንያ ወደ ሌላ በሚሸጋገርባቸው አገሮች፣ የቀድሞው ኩባንያ መዝገቡን ይለቃል፤ አዲሱ ግን አይረከብም፤ ቁጥሩ ባለቤት አልባ ይሆናል። አራተኛው የመሥሪያ ቤት ስልክ ነው። ፋብሪካ፣ ሆቴል ወይም ሆስፒታል በውስጡ መቶ ስልክ ቢኖረውም ወደ ውጭ የሚታየው አንዱ ዋና ቁጥር ብቻ ይሆናል፤ ረዳቱ ከዋናው በር ይደርሳል፤ የተጎዳው ሠራተኛ ግን አራተኛ ፎቅ ላይ ወይም ከግቢው ማዶ ባለው መጋዘን ውስጥ ነው። አምስተኛው ሲም ካርድ የሌለው ስልክ ነው። በአንዳንድ አገሮች እንዲህ ያለው ስልክ ለአደጋ ጊዜ ይደውላል፤ በሰሌዳው ላይ የሚታየው ግን ከስልኩ የፋብሪካ ቁጥር የተቀነጨበ የይስሙላ ቁጥር ስለሆነ፣ መስመሩ ቢቋረጥ መልሶ ለመደወል አይቻልም።

ከነዚህ ከአምስቱ የምንረዳው አንድ ቁም ነገር አለ። በአንዳቸውም ውስጥ ስልኩ አልተበላሸም። የተበላሸው ርክክቡ ነው። ርክክብ ደግሞ የሰዎችና የተቋማት ግንኙነት እንጂ የሽቦና የአንቴና ጉዳይ አይደለም።

አራት ጎሮዎችና ሁለት ሮቤዎች

አጠቃላዩን እውነት ከአገራችን ተጨባጭ ሁኔታ ጋር ስናገናዝብ ጉዳዩ ይበልጥ ይጎላል። ዓይናችንን ወደ ባሌ ደጋማ ምድር፣ ወደ ሮቤ፣ ወደ ጎባና ወደ ጎሮ እንመልስ። ከአዲስ አበባ እስከ ሮቤ ያለው መንገድ 430 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሮቤ ወደ ምሥራቅ ሲዘለቅ የሲናናን የስንዴና የገብስ ማሳዎች አልፎ ጎሮ ይገኛል፤ የወይብ ወንዝ ወደ ሰነጠቀው ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ የሚኬደውም በዚያው በኩል ነው። ሰፊ ገጠር፣ ተራርቀው የተሠሩ መንደሮች፣ በዝናብ ወራት የሚጨቀይ የመኪና መንገድ ያለበት አገር ነው።

እዚህ የሚኖር ሰው በጭንቅ ሰዓት ደውሎ «ጎሮ ነኝ፣ ድረሱልኝ» ቢል ምን ያህል ነገር ተናግሯል? ለራሱ ሁሉን ነገር ተናግሯል። ለሩቅ ጥሪ ተቀባይ ግን ብዙ አልተናገረም። በባሌ ጎሮ አለ፤ በደቡብ ምዕራብ ሸዋ ጎሮ ወረዳ አለ፤ በምሥራቅ ሐረርጌ ጎሮ ጉቱ፣ በጉጂ ጎሮ ዶላ አሉ። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍልም ጎሮ የሚባል ሠፈር ይገኛል። «ሮቤ ነኝ» ቢልም ችግሩ ያው ነው፤ ሮቤ በባሌም በአርሲም አለች። ስም ለሚያውቀው ስም ነው፤ ለማያውቀው ግን ዕንቆቅልሽ ነው።

በዚህ ላይ የአጻጻፍ ልዩነት ይጨመርበታል። አንዱ መዝገብ የቦታውን ስም በግዕዝ ፊደል ይይዛል፤ ሌላው በላቲን ፊደል በኦሮምኛ የቁቤ አጻጻፍ ይይዛል፤ ሦስተኛው ደግሞ በውጭ ቋንቋ አነባበብ ያሠፍረዋል። ለሰው ዓይን ሦስቱም አንድ ጎሮ ናቸው። ለኮምፒዩተር ግን ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው፤ አንዱን በሌላው ስም የጠየቀ «አልተገኘም» ይባላል። ቀበሌ ለሚለው ቃል በኦሮምኛ «ገንዳ» የሚለው ቃል እንዳለና ሕዝቡም በዚሁ ስም ሠፈሩን እንደሚጠራ የማያውቅ ጥሪ ተቀባይ፣ ደዋዩ በትክክል የነገረውን አድራሻ እንደ ባዕድ ወሬ ሊሰማው ይችላል።

ጉዳዩን በምሳሌ እናስረዳ። ልጁ አዲስ አበባ ውስጥ ጎሮ በሚባለው ሠፈር እየኖረ የቀን ሥራ ይሠራል እንበል። በስሙ ሲም ካርድ አውጥቶ፣ በራሱ አድራሻ አስመዝግቦ፣ ባሌ ጎሮ ለምትኖር እናቱ ይልክላታል። ይህ በየቤቱ ያለ የልጅነት ወግ ነው፤ ነውርም ወንጀልም የለበትም። ከዕለታት አንድ ሌሊት ጎረቤት ቤት ምጥ ይጠናና በዚያ ስልክ ይደወላል። መዝገቡ ተጠየቀ፤ ባዶም አልሆነ፤ «አዲስ አበባ፣ ጎሮ» ብሎ መለሰ። ደዋይዋም «ጎሮ ነው» አለች። ሁለቱ ተስማሙ! እርዳታው ግን ከተቸገረችው ሴት ከ430 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ይንቀሳቀሳል። ከዚህ ምሳሌ የምንረዳው አንድ ከባድ ነገር አለ፤ የጎደለ መዝገብ ጥሪ ተቀባዩን ቢያንስ እንዲጠይቅ ያደርገዋል፤ የተሳሳተ መዝገብ ግን ጥያቄውን ራሱን ያስቀረዋል። ስለዚህ ትግሉ ባዶውን መሥመር ለመሙላት ብቻ ሳይሆን በእውነት ለመሙላት መሆን ይኖርበታል።

በባሌ «ቦና» እና «ገና» በሚባሉት ሁለት የምርት ወቅቶች መከር ሲደርስ፣ ከኮምባይነሩ ጋር ኦፕሬተሩ፣ ከጆንያው ጋር ወዛደሩ ከሌላ አካባቢ ይመጣል። በኪሱ የያዘው ስልክ የተመዘገበው በተወለደበት ወይም በከረመበት ቦታ ነው። በማሳው መካከል እጁ በማሽን ቢያዝ መዝገቡ የሚናገረው የትናንቱን አድራሻ ነው። ተንቀሳቃሽ ስልክ ተንቀሳቃሽ መሆኑ ራሱ የቋሚ አድራሻን መዝገብ ከመሠረቱ እንደሚፈታተነው እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

«ማማው ያገኘዋል» የሚሉ ወገኖች አሉ። እርግጥ ነው፣ ስልኩ በየትኛው አንቴና ሥር እንዳለ ሊታወቅ ይችላል። ይሁን እንጂ በቀድሞው የጂ.ኤስ.ኤም. ቴክኖሎጂ የአንድ ማማ ክልል እስከ 35 ኪሎ ሜትር ሊዘረጋ ይችላል። በከተማ ማማዎች ስለሚቀራረቡ ክልሉ ይጠባል፤ በገጠር ግን አንዱ ማማ ብዙ መንደሮችን ያቅፋል። «በዚህ ማማ ሥር ነው» ማለት በሌሊት ለሚነዳ የአምቡላንስ ሾፌር «በዚህ አገር ውስጥ ነው» ከማለት ብዙም አይሻልም።

የሾፌሩ ቁጥርና የመኪናው ቁጥር

በአገራችን ስልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ለውጥ ታይቷል። ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የመጀመሪያው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ነበር፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. ተጀመረ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ወጥቶ የዘርፉ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። ቀድሞ አንድ መዝገብ ያዥ በነበረበት አገር ዛሬ መዝገብ ያዡ ከአንድ በላይ ሆኗል ማለት ነው። መዝገብ ያዡ ሲበዛ ርክክቡም ይበዛል፤ ርክክቡ ሲበዛ ክፍተቱም ይበዛል።

ለአደጋ ጊዜ የሚደወልባቸው አጫጭር ቁጥሮች በሕዝብ ዘንድ ይታወቃሉ፤ ለፖሊስ 991፣ ለኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አምቡላንስ 907፣ በአዲስ አበባ ለእሳትና ለአደጋ መከላከል 939። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ሲገባ 8335 የሚለው የነፃ መስመር በየግድግዳው ተለጥፎ እንደነበር እናስታውሳለን። ነገር ግን በገጠር ወረዳዎች ያለው አሠራር ከዚህ የተለየ መልክ አለው። ቤተሰቡ የሚደውለው ለአጭር ቁጥር ሳይሆን ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ፣ ለጤና ጣቢያው ኃላፊ ወይም በቀጥታ ለአምቡላንስ ሾፌሩ የግል ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። ቁጥሩ በደብተር ጀርባ፣ በግድግዳ ላይ በከሰል ወይም በእድሩ ጸሐፊ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል።

ይህ አሠራር የሚናቅ አይደለም። ሾፌሩ ሠፈሩን ያውቃል፤ «ከመስጊዱ ወረድ ብሎ ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ» ሲባል ይገባዋል። ሕዝቡ ማንም ሳያዘው በራሱ ጥበብ የፈጠረው የአደጋ ጊዜ መዝገብ ነው። ነገር ግን በውስጡ ከባድ ድክመት አለበት፤ ቁጥሩ የተያያዘው ከሰውየው እንጂ ከመኪናው ጋር አይደለም። ሾፌሩ ሲዛወር፣ ፈቃድ ሲወጣ ወይም ስልኩ ሲጠፋበት፣ መኪናዋ በቦታዋ ቆማ እያለ ወረዳው በሙሉ አምቡላንስ አልባ ይሆናል። የኩባንያው መዝገብ ደዋዩን እንደሚያጣው ሁሉ የሕዝቡ መዝገብ ደግሞ ተደዋዩን ያጣል። ሁለቱም የአንድ በሽታ ሁለት ገጽታዎች ናቸው።

ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። መስከረም 7 ቀን 1998 ዓ.ም. ስድስት አኃዝ የነበሩት የስልክ ቁጥሮች ወደ ሰባት አኃዝ ሲያድጉና የአካባቢ መለያዎቹም ሲለወጡ፣ በየደብተሩና በየግድግዳው የተጻፈው ቁጥር ሁሉ በአንድ ሌሊት አረጀ። ለውጡ አስፈላጊ ነበር፤ አገር ሲያድግ ቁጥርም ይበዛል። ይሁንና ማዕከላዊው ቁጥር ሲለወጥ የግድግዳው ቁጥር በራሱ አይለወጥም፤ ሄዶ የሚያርመው ሰው ያሻዋል።

የዚህ ሁሉ ክብደት የሚለካው በሰው ሕይወት ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ምክንያት እንደሚሞቱ ተገምቶ ነበር። በጤና ተቋም የሚወለዱት ሕፃናት ድርሻ በዚያ ጥናት ከመቶ 26 ሲሆን፣ በ2011 ዓ.ም. ወደ 48 ከፍ ብሏል። እድገቱ የሚያስደስት ነው። የጤና ባለሙያዎች የእናቶችን ሞት ሲመረምሩ ሦስት መዘግየቶችን ይቆጥራሉ፤ ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ ለመድረስ መዘግየት፣ ደርሶም ሕክምናውን ለማግኘት መዘግየት። የጠፋ የስልክ ቁጥር የሁለተኛው መዘግየት ዋና አባል ነው። ቤተሰቡ ወስኗል፤ ሐኪሙ ጎባ ወይም ሮቤ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል፤ በመካከላቸው የጎደለው አንድ መሥመር ጽሑፍ ነው። ያች መሥመር ስትጎድል ወላዷ በቃሬዛ ትጫናለች፤ የወንዶች ትከሻ ደግሞ ቸር ቢሆንም ፈጣን አይደለም።

ሌሎች እንዴት ተማሩ?

የአደጋ ጊዜ ስልክ ታሪክ የሚያስተምረን ሕጉ ሁሉ የተጻፈው ከሐዘን በኋላ መሆኑን ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1935 ለንደን ውስጥ በዊምፖል ጎዳና በተነሣ እሳት አምስት ሴቶች ሞቱ። አንድ ጎረቤት እሳት አጥፊዎችን ለመጥራት ቢደውልም ከስልክ ማዞሪያው ወረፋ ላይ ቆመ። ይህ ሰው ዝም አላለም፤ የደረሰበትን ለጋዜጣ ጻፈ። ጉዳዩ ምክር ቤት ደርሶ ምርመራ ተደረገበት፤ እ.ኤ.አ. ሰኔ 30 ቀን 1937 ለንደን ውስጥ 999 የሚለው ቁጥር ሥራ ጀመረ። አንድ ነዋሪ ያየውን ጉድለት በጽሑፍ ማቅረቡ የአንድን አገር አሠራር ለመለወጥ እንዳበቃ ልብ ይሏል።

በአሜሪካ 911 የተባለው ቁጥር የመጀመሪያ ጥሪውን የተቀበለው እ.ኤ.አ. የካቲት 16 ቀን 1968 በአላባማ ግዛት በሄሊቪል ከተማ ነበር። በኋላ የደዋዩ ቁጥርና አድራሻ በሰሌዳ ላይ እንዲታይ ተደረገ፤ ከዚያ ጋር «መዝገብ አልተገኘም» የሚለው ችግርም አብሮ ተወለደ። የተገኘው መፍትሔ ቀላል ነበር፤ ቀላል ቢሆንም ቸል የማይባል። ጥሪ ተቀባዩ ባዶ ሰሌዳ ባየ ቁጥር ጥሪውን ጨርሶ አያልፍም፤ ቁጥሩን፣ ሰዓቱንና ደዋዩ በቃሉ የነገረውን አድራሻ በቅጽ ሞልቶ ለመዝገብ ኃላፊው ያስተላልፋል። ኃላፊው ቁጥሩ የማን ኩባንያ እንደሆነ ያጣራል፤ ኩባንያው አርሞ መልስ ይሰጣል፤ ቅጹም የሚዘጋው መዝገቡ እንደገና ተጠይቆ በትክክል ሲመልስ ብቻ ነው። መዝገቡ ሁሌም ይሳሳታል፤ ዋናው ነገር እያንዳንዱ ስሕተት ባለቤት እንዲኖረው ማድረግ ነው።

በሌላ በኩል የበለጸገ ማሽን ብቻውን ዋስትና እንደማይሆን የሚመሰክር ታሪክም አለ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2014 በአሜሪካ አንድ የጥሪ ማከፋፈያ ማዕከል ውስጥ ለጥሪዎች መለያ ቁጥር የሚሰጠው ቆጣሪ አስቀድሞ ከተወሰነለት ጣሪያ ደረሰ። ቆጣሪው ሞላ፤ ማሽኑም አዲስ ጥሪ ማስተላለፉን አቆመ። በሰባት ግዛቶች፣ በ81 ማዕከሎች፣ ስድስት ሰዓት ያህል ከ6,600 የሚበልጡ ጥሪዎች ሳይደርሱ ቀሩ። የተሰበረ ሽቦ አልነበረም፤ አውሎ ነፋስም አልነበረም። የቆጣሪውን ጣሪያ የሚያስታውስ ሰው አልነበረም።

በአውሮፓ ደግሞ ከመዝገቡ ጎን ሌላ መንገድ ተቀይሷል። ሰው 112 ሲደውል ስልኩ ራሱ ቦታውን ከሳተላይት ተቀብሎ በአጭር መልእክት ለጥሪ ማዕከሉ ይልካል። ይህ አሠራር በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ2014 ተጀመረ፤ ከመጋቢት 2022 ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ ዘመናዊ ስልክ ሁሉ ይህን እንዲችል ግዴታ ሆኗል። ለወደፊቱ ተስፋ የሚሰጥ እርምጃ ነው። ነገር ግን በአገራችን ገጠር በብዙ እጅ ላይ ያለው ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ የሳተላይት መቀበያ የለውም። ነገን በመጠበቅ የዛሬውን ደዋይ ባዶ እጁን መመለስ አይገባም።

ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች

ከላይ የዘረዘርነውን ስናጤን ሁለት የተሳሳቱ አመለካከቶች መታረም ይኖርባቸዋል። አንደኛው «ማሽን ይገዛና ሁሉም ይስተካከላል» የሚለው ነው። ባዶ መዝገብ የያዘ ውድ ሰሌዳ ባዶነትን በደማቅ ብርሃን ከማሳየት በስተቀር ምንም አይፈይድም። የመዝገቡ ጥራት ከማሽኑ መቅደም አለበት። ማሽን በገንዘብ ይገዛል፤ እውነተኛ መዝገብ ግን በቤት ለቤት ሥራ ብቻ ይገኛል።

ሁለተኛው ከዚህ ተቃራኒ የሆነው፣ «የእኛ ሰው ይተዋወቃል፤ መዝገብ ምን ያደርግልናል» የሚለው አመለካከት ነው። መተዋወቅ ታላቅ ሀብት ነው። ይሁን እንጂ ከተማ ያድጋል፤ ተከራይ ይገባል፣ ይወጣል፤ የመከር ሠራተኛ ይመጣል፣ ይሄዳል። የማይታወቀው እንግዳ ሰው ሕይወት ከሚታወቀው ሰው ሕይወት አያንስም። መተዋወቅ የሚረዳው የታወቀውን ነው፤ መዝገብ ግን ያልታወቀውንም ይረዳል።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ስጋት መነሣቱ አይቀርም። ስሜ፣ ቤቴና ስልኬ በአንድ መዝገብ ሲሰፍሩ በክፉ ሰው እጅ ቢገቡስ? የሚል አለ። ስጋቱ መሠረት ያለው ነው፤ ሊናቅ አይገባውም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የወጣውም ይህን የመሰለውን ስጋት ለመመለስ ነው። ለሕይወት ማዳን የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ ዓላማ መዋል የለበትም። የእድር መዝገብም ቢሆን በጸሐፊው እጅ ተቆልፎ ይቀመጥ እንጂ በየሻይ ቤቱ አይዙር። ሕዝብ በመዝገቡ ላይ እምነት ካጣ እውነተኛ አድራሻውን አይሰጥም፤ ያን ጊዜ መዝገቡ ሞልቶ ሳለ ባዶ ይሆናል።

ከእኛ የሚጠበቀው ተግባር

እንግዲህ ምን ይደረግ? ተግባሩ በሁለት ወገን የሚከፈል ነው።

ከተቋማት በኩል የሚጠበቀው ርክክቡን ማጥበቅ ነው። የስልክ ኩባንያዎች፣ የጤና፣ የፖሊስና የእሳት አደጋ አገልግሎቶች የየራሳቸውን መዝገብ ለየብቻ መያዛቸው ብቻ አይበቃም፤ በተወሰነ ጊዜ እያስተያዩ ልዩነቱን ማረም ይገባቸዋል። የቦታ ስም ከክልል እስከ ዞን፣ ከወረዳ እስከ ቀበሌ ተሟልቶ ይጻፍ፤ ተመሳሳይ ስሞች ተለይተው ይመልከቱ፤ የግዕዙና የቁቤው አጻጻፍ በአንድ የቦታ መለያ ቁጥር ሥር ይጣመሩ። ጥሪ ተቀባይ ሰሌዳው ሞልቶ ቢያይም እንኳ «የት ነዎት? የቱ ጎሮ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋም ይጠይቅ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተመሠረተው የዲጂታል መታወቂያ፣ ማለትም የፋይዳ ምዝገባ፣ አድራሻን ከሰው ጋር ለማያያዝ መልካም አጋጣሚ ነው። መታወቂያው ግን ሰውየው ማን እንደሆነ እንጂ ዛሬ ማታ የት እንዳለ እንደማይናገር አንዘንጋ። ከሁሉም በላይ የአምቡላንስ ስልክ የመኪናው ንብረት ይሁን፤ ሾፌር ሲለወጥ ቁልፉና ስልኩ አብረው ይረከቡ።

ከሕዝብ በኩል የሚጠበቀው ደግሞ ከዚህ አያንስም። እድሮችና የሠፈር ማኅበራት በየወር ስብሰባቸው የአምስት ደቂቃ ጊዜ ወስደው ቁጥሮቹን ደውለው ይሞክሩ፤ ያልሠራውን በዚያው ይሰርዙ፣ አዲሱን ይጻፉ። ያልተሞከረ ቁጥር እንዳልተጻፈ ይቆጠር። ከእያንዳንዱ ቤት ስም አጠገብ የስልክ ቁጥሩ፣ ቀበሌውና መኪና የሚደርስበት ቅርብ ምልክት ይመዝገብ። በሌላ ሰው ስም የወጣ ሲም ካርድ የያዘ ሰው ወደ ሽያጭ ማዕከል ሄዶ በራሱ ስምና በእውነተኛ አድራሻው ያስመዝግብ። ልጆች «የት ነህ?» ሲባሉ ከክልልና ከወረዳ ጀምረው መናገር ይለማመዱ።

በፋብሪካ፣ በእርሻና በጋራዥ ያሉ ሠራተኞችም የራሳቸው ድርሻ አላቸው። በሥራ ቦታው ከአንዱ ክፍል አደጋ ቢደርስ ከውጭ የመጣው ረዳት በየትኛው በር እንደሚገባ፣ ማን ወጥቶ እንደሚቀበለው አስቀድሞ ይወሰን። በመከር ወቅት የመጣ እንግዳ ሠራተኛ ሥራ ሲጀምር የማሳው ቀበሌ ስም ይነገረው፤ ወረቀት ላይ ተጽፎም በኪሱ ይግባ። ይህ ከኮምባይነሩ ነዳጅ ጋር ሲነጻጸር ምንም ወጪ የለውም።

ይህ ሁሉ ትንሽ ነገር ይመስላል። ትልቁ ነገርም የሚሠራው ከእንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የባሌን ደኖች ያቃጠለውን ከባድ እሳት ያየ ሰው፣ መጀመሪያ ላይ በቅጠል ሊጠፋ የሚችል እሳት ኋላ የሺዎችን ጉልበት እንደሚፈጅ ያውቃል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ምክር ለደኑ ብቻ የተነገረ አይደለም። መዝገብን በሰላሙ ቀን ማረም ማለትም ያው ነው። አደጋው ካለፈ በኋላ የሚደረግ ስብሰባ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

በመጨረሻም፣ ስልክ ድምፅን ከጋራ ወደ ጋራ አሻግሯል፤ ድምፁን ተከትሎ ወደ ደጃፉ የሚሮጠውን ጎረቤት ግን አልተካውም። ያ ጎረቤት ዛሬ በሦስት ቦታ መቀመጥ ይኖርበታል፤ በጥሪ ማዕከሉ ወንበር ላይ፣ በመዝገብ ክፍሉ ውስጥና በእድሩ ድንኳን ሥር። ሦስቱ እርስ በርስ ካልተነጋገሩ ባዶው መሥመር ባዶ እንደሆነ ይቆያል። በሚመጣው ወር ስብሰባችን ላይ ከአጀንዳው ሁሉ አስቀድመን የአምቡላንሱን ቁጥር እንደውል። ካነሣ፣ እሰየው። ካላነሣም ሥራችን ከዚያ ይጀምራል።